ትከሻው እንደተነሳ

በከፈትኩት ቁጥር፣ እዚያችው ቦታ ላይ፣
አንድ ትከሻውን ሰቅሎ ወደ ሰማይ፣
አፉ እንደተከፈተ፣ ሳቁ ገና ሳይወጣ፣
የከበሮ መቺው እጅ ከቆዳው ሳይመጣ፣
ቸኮል ይቆማል።
ማውሱን ብነካ፣ ብጫን፣ ብለምን፣
ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ምን
ልታመጣ?
ስምንት ጊጋ ራም፣ አሥር ዓመት ያረጀ፣
ለሰርግ ሳይሆን ለደብዳቤ የተበጀ።

ስሙ ቸኮል ነበር፤ ዕድሜውን በሞተር ጀልባ
ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ባሕር ዳር፣ ሲወጣ ሲገባ፣
ቆሞ ያየው የለም።
በጥር የዝናን፣ አንድ ልጁን ዳረ፣
በመጋቢት መግቢያ እሱ ተቀበረ።
ቪዲዮው ግን ገና እኔ ጋ ነበረ።

«ደረሰ ወይ?» ይላሉ እትዬ አንጓች ደውለው፣
ተበዳሪ ይመስል ድምፃቸውን ሰብረው።
ባለዕዳው እኔ ነኝ፣ ቀብድ የበላሁት፣
«በዚህ ሳምንት» እያልኩ ሳምንት የገደልኩት።

ዕቁቤ ሲወጣ፣ ብሬን በፌስታል ጠቅልዬ፣
አንሙት ሱቅ ሄድኩኝ በባጃጅ ተጭኜ፤
ከግሽ ዓባይ ሰፈር በስተጀርባ ካለው፣
በረንዳውን የተፈታ ኮምፒውተር ከሞላው።
መስታወቱ ውስጥ ተጋድማ አየኋት፣
ግራፊክስ ካርዷን። ሦስት ፋን አላት፤
ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ትበራለች፣
እንደ ሙሽራ መኪና አጊጣለች።
«ስንት ናት?»
ነገረኝ። ምራቄን ዋጥኩና
ብሬን በልቤ ቆጠርኩ እንደገና።

«እሷን ከወሰድክ» አለ አንሙት፣ «ለሌላው አይተርፍም፤
ሙሽራ ታመጣለህ፣ ጎጆ ግን የለህም።
ፕሮሰሰሩ ቢሮጥ፣ ካርዱ ቢያብረቀርቅ፣
ትውስታ ያነሰው ሐሳቡ መሐል ሲወድቅ
አላየህም? ወሬ ጀምሮ ‹ምን እያልኩ ነበር?› የሚል ሽማግሌ?»
ራሙን ማለቱ ነው። እኔ ቸኮልን አሰብኩ።

«መብራትስ?» አልኩት። ሳቀ። «ፏፏቴው ከደጃችን፣
ሻማው ከጠረጴዛችን!
ዩፒኤስ ጨምርበት፤ አሥር ደቂቃ
ትሰጥሃለች፤ ሥራህን ሴቭ አድርግ፣ በቃ።
ኬዙም ሰፋ ይበል። የሚያዝያ ሙቀት ከሐይቁ እርጥበት ጋር ተጋብቶ፣
አቧራ ፋኑ ላይ እንደ እምቦጭ ተኝቶ፣
ስንት ማዘርቦርድ እዚህ ቀብሬአለሁ መሰለህ።»

ካርዷን ዞሬ ሳላይ፣ ዞር ብዬም እያየሁ፣
ጥንድ ራም፣ ባለ ሠላሳ ሁለት፣ ይዤ ወጣሁ፤
ፕሮሰሰር፣ ከዋጋው መሐል ቤት የሆነ፤
ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካ፤
ለሰው ብቻ ኖሯል ይህ ያልተፈቀደው ለካ።

ሌሊቱን ገጣጠምኩት። የሽምብጥ ውሾች ይጮኻሉ፣
ከደንገሉ ውስጥ እንቁራሪቶች ይመልሳሉ።
አንድ ብሎን ጠፋኝ፤ እስከ ዛሬም የለ።
ቁልፉን ተጫንኩ።
ሦስት ወር የተሰቀለ
ትከሻ ወረደ።
ሳቁ ወጣ። የከበሮው እጅ ቆዳው ላይ ደረሰ። ቸኮል ዞረ፣
ሙሽሮቹን በእጁ ባረከ፣ ከካሜራው ፊት ተሻገረ፣
ከፍሬሙ ወጣ።
ጠበቅኩት። ተመልሶ አልመጣም።
ከዚያ በኋላ ያለው ኬክ መቁረስ ነው።

ጠዋት እትዬ አንጓች በጥቁር ልብሳቸው
መጥተው ተቀመጡ፣ ወንበር ጫፍ ይዟቸው።
አጫወትኩላቸው። ክቧ አልታየችም፣
ምስሉም አልተንገዳገደም፤
ዓባይ ከጣና ሲወጣ እንደሚሄደው፣
ውኃ መሆኑ እስኪረሳ ድረስ ዝም ብሎ ነጎደ።
ልኮራ ስል ዞርኩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ወደ ኋላ መልሰው እስኪ።
አሁንም። አሁንም ትንሽ።
እዚያ ጋ፣ ትከሻው ሲነሳ።
አቁምልኝ።»

አቆምኩት።
ፋኑ ይዞራል፤ ሌላው ሁሉ ቆሟል።
ስልሳ አራት ጊጋ ራም አንድ ምስል ይዟል።