ስለት

ከዊላሜት ዳር፣ ከድልድዩ ሥር፣ ኦሪገን ሲቲ፣ ዝናብ በማይታክተው ሰፈር፣
ሥራዬ መቁረጥ ነው፤ መቁረጥና መቁጠር።

ዘንድሮ ያወጣናቸው መንትዮች ናቸው፤ ባንድ እቶን የነደዱ፣
ካንድ ብረት የተወለዱ።
ታላቁ ለወታደር፤ ከል የለበሰ፣ ብርሃን የማይመልስ፣
ጨረቃ ብታርፍበት እንኳ ጠጥቷት ዝም የሚል፣ እስኪነጋ ድረስ።
ታናሹ ለነፍስ አድን፤ ብርቱካንማ እጀታ፣
ጭስ ውስጥ የሚዳብስ ጣት የማያጣው፣ ቀንም ሆነ ማታ።
ጫፉ ዱልዱም ነው፤ ከሰው ገላ ተጠግቶ ሰው አይወጋም፤
ስለቱ በመንጠቆው ጉያ፣ ካልሳቀ እንደማይታይ የዓይን አፋር ጥርስ፣ ጣት አይነካም።
ቂጡ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሾጣጣ፣
መስታወት የምታደቅ፣ ሰው በመስኮት እንዲወጣ።

ሚስ ሃርግሮቭ ለካታሎጉ ቃል ስትመርጥ ትውላለች፤
«አስተማማኝ» ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣
«የማይከዳ» ትላለች።
ኤልሮይ ከሞረዱ ቀና ሳይል ይስቃል
(የግራ አውራ ጣቱ ግማሽ ነው፤
ሌላው ግማሽ የሠላሳ ዓመት ክፍያው)፤
«ቢላዋ አይከዳም፣ አይታመንም፤
አፍ አለው እንጂ ቃል የለውም።»

ፈተናው በመኪና ቀበቶ ነው።
ቱሊ ማክሰኞ ማክሰኞ ከመኪኖች መቃብር በጆንያ ያመጣዋል፤
አንዱ የውሻ ፀጉር፣ አንዱ የሕፃን ብስኩት ፍርፋሪ ይዟል።
በብረት መንጋጋ እወጥረዋለሁ፣
ሰባ ኪሎ ሰው ቁልቁል እንደ ተንጠለጠለበት፤
ውሃ አርከፍክፌ፣ ዘይት ለቅልቄ፣
ወፍራም ጓንት አጥልቄ፣
መንጠቆውን አስገብቼ እስባለሁ።
ሸርከት።
ለሁለት።
ሁለት ትንፋሽ የፈጀ ቢላዋ ወደ ቅርጫቱ ይጣላል፤
ሕጉ እንዲህ ይላል።

ያን ማክሰኞ ከጆንያው አንድ ግራጫ ቀበቶ መዘዝኩ፣
አጠረኝ።
ቀድሞ ተቆርጧል።
ክሩ አልተንጨፈረረም፤ ሰያፍ ነው፣ ጥርት ያለ፣
ወደ መጨረሻው ላይ ጥቂት ያዘነበለ።
አወቅሁት። በቀን አራት መቶ ጊዜ የማየው ቁርጥ፤
የአምና መንጠቋችን፣ ያ ግራ ጎኑ ትንሽ የሚያጋድለው፣
ምናልባት እኔው «አልፏል» ብዬ የፈረምኩለት፣ ማን ያውቃል፣ እኔው።

«ከየትኛው መኪና ነው?» አልኩት ቱሊን። ትከሻውን ሰበቀ።
«ሰው ነበረበት?»
«ባዶ ወንበር ማን ያስራል» ብሎ ሳቀ፣
ከዚያ ሳቁን ዋጠ፣ ጆንያውን አጠበቀ።

ደም ፈለግሁ፤ የለም። አሸተትኩት፤ ናፍታና ጭቃ።
ወጥቶ በእግሩ ቆሟል? ሚስቱን በስም ጠርቷል?
ወይስ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በወግ ለማውረድ ነው የተቆረጠው?
ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ነው፤
ብረቱ ከጨርቅ በቀር ምንም አልቆረጠ፣ ምንም አያውቅ።
ብቻ ይህን አየሁ፦ እዚህ ኤልሮይ ስለት ሲስል፣
እዚያ አንድ ሰው፣ ተዘቅዝቆ፣ ስለት ሲሳል፤
ሁለቱ የተገናኙት እዚህ፣ አራት ጣት በማይሞላ ግራጫ ጨርቅ ላይ ነው።
ስለቱ ደርሶ ይሁን፣ ወይ ዘግይቶ፣
የሚነግረኝ የለም።

ከሰዓት ጥቁሩን ፈተንኩ፤ ታላቁን፤
በገመድ፣ በሸራ፣ በወፍራም ቆዳ።
አለፈ። ሁሌም ያልፋል።
የሱ ቁርጥ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ተመልሶ አይመጣም፤
እኔም ቱሊን ስለሱ አልጠይቅም።

ወደ ማታ፣ ሊወጡ ጃኬት ሲለብሱ፣
አንድ ብርቱካንማ ትንፋሽ ተኩል ፈጀ።
ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩት።
«ሕጉ እኮ ሁለት ይላል» አለች ሚስ ሃርግሮቭ፣ ብዕሯን አንስታ።
«ይላል።»
«ታዲያ ያልፋል።»
«አያልፍም።»
ኤልሮይ ሞረዱን መልሶ አበራ።