መሐል ግድግዳ

እኔ ማልኩ ለሳኝ፣ የለሳኝ ልጅ ነበርኩ፤
ከኤፍራጥስ ገደል ጄሶ ስፈልጥ አደግኩ።
ለበኣል መቅደስም፣ ለአይሁድም ምኩራብ፣ ለሹሙ ሰገነት
ዋጋዬ አንድ ነበር፤ በክንድ ነበር ስሌት።
የማን አምላክ ብዬ አልጠየቅኩም ከቶ፤
እምነቴ የሚያበቃው ጄሶው ሲደርቅ ጸንቶ።

አንድ ማለዳ ታዲያ መበለቷ ሳልማት
ላከችብኝ፤ ሄድኩኝ በመዶሻ፣ በባልዲ፣ በወንፊት።
ቤቷ ከከተማው ምዕራብ ግንብ ሥር ነው፣
ዘበኛ ሲያስነጥስ ግቢዋ የሚሰማው።
"ይሄን መሐል ግድግዳ አፍርስልኝ" አለች፤
በእርጥብ እጇ ጣት ድንጋዩን ነካች፤
"ባሌ ነው ያቆመው፣ ወንድ ወዲህ ሊበላ፣ ሴት ወዲያ ልትቀር።
እሱም አፈር ገባ። እኛ ደግሞ አሁን አንድ ማዕድ ነን፣ አንድ ማኅበር።"

"ስንት ሰው ይመጣል?"
"እንጃ" አለች፤ "አስፋው።"
"ጣራውስ፣ እመቤት፣ ምኑ ላይ ሊያርፍ ነው?"
ሳቀች።
"እኛም በየእሑዱ የምንጠያየቀው እሱኑ ነው፣ ማልኩ።
አንተ ግንድ አምጣለት፣ ለጊዜው።"

አፈረስኩት።
አቧራው ሳይሰክን፣ ማታ፣ ዘጠኝ ሰዎች መጡ፤
"ለዘጠኝ ሰው ብለሽ!" አልኩኝ በሆዴ። እነሱ ከነአቧራው ተቀመጡ።
ትሮፊማ ነበረች፣ የወይን ቤቱ ገረድ፤
ያርሃይም ነበር፣ ቀስተኛው፣
አምና ከከተማው በር ላይ በጅራፍ ጀርባዬን የላጠው።
እሷ እንድትቀመጥ ፈቀቅ አለላት፤ አየሁ።
መለሰኛዬን እንደ ጩቤ ጨብጬ ቆየሁ።
እሱ ግን ተነሣ፣ ከጉድጓድ ውሃ ቀዳ፣
አጠገቤ አኖረው፣ ምንም ሳይናገር፣ እንደሚከፈል ዕዳ።
ይቅርታም አላለኝ። እኔም አላልኩት።
ባልዲው ግን ሙሉ ነበር፤ ጄሶዬን አቦካሁበት።

ገበያ ላይ ሰማሁ፦ "ሕፃን ነው የሚበሉ፣
ደም ነው የሚጠጡ፣ በጨለማ የሚማማሉ።"
እኔ ያየሁት ዳቦ ነው፣ ጥቂት ወይራ፣
የመብራቱን ዘይት ማን ጨረሰው የሚል ጭቅጭቅ፣ ከዚያ ደግሞ ጸሎት በተራ።
ዘጠኙ ሃያ ሆኑ፤ ሃያው ሞሉ እስከ በሩ፤
የዘገዩቱ ደጅ፣ ከፍየሏ ጋር አደሩ።
ሠዓሊም አመጡ፤ እኔ የለሰንኩት ገና እርጥብ ሳለ
በጫንቃው በግ የተሸከመ አንድ ጎልማሳ ሣለ።
የበጉ ዐይን ትንሽ ሸውራራ ነው፤
ነግሬው ነበር፤ አልሰማኝም።

ከዚያ ፋርስ መጣ።
"ግንቡ እንዳይደረመስ፣ ሥሩ ያሉ ቤቶች በአፈር ይሞሉ" የሚል ዐዋጅ ወጣ።
ቅርጫት አሸከሙኝ።
የከፈትኩትን ቤት እኔው ደፈንኩት፤
አፈሩ እስከ ጎልማሳው ቁርጭምጭሚት፣
እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፣ እስከ አንገት።
መጨረሻ የቀረው የበጉ ሸውራራ ዐይን ነው።
እሱንም ሸፈንኩት።
ያርሃይ ግንቡ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ሳልማት ከደጅ ቆማለች፣ መብራቷን ብቻ ይዛ።
"አለቀ" አልኳት።
አፈሩን ከቅንድቤ በነጠላ እጇ ጠረገች፤
"ትሮፊማ ከወንዙ ዳር አንዲት ክፍል አግኝታለች።"

"ጠባብ ናት?"

"ጠባብ ናት።
መሐሏ ላይ ደግሞ ግድግዳ አለባት፤
መዶሻህን አምጣት።"