የብዕር አያያዝ

የእኔ ሥራ ቀላል ነው፤ ምራቅ በብልቃጥ መቀበል፣
ቁጥር ለጥፎ፣ ክዳን ገጥሞ፣ በበረዶ ሣጥን መደልደል።
ስም መጻፍ ክልክል ነው፤ ሰው እዚህ አራት አሃዝ፣
በጎማ ጓንት፣ በሁለት ጣት የሚያዝ።

ኦውሉ ላይ፣ ባሕሩ ጠጥሮ መኪና በሚያሳልፍበት ወር፣
ሁለት ብልቃጥ መጣልኝ፤ አንዱ ከዚሁ ሰፈር፣
አንዱ ከቻንግዎን፣ ከኮሪያ ደቡብ ዳር።
ማሽኑ ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ንጋት ላይ የሰጠው ቃል፦
ሁለቱም ከአንድ ዕንቁላል።

አንዷ ቬንላ ራታማ፣ ሌላዋ ኦ ሀንብዮል።
(ፊልሙ ስማቸውን አውጥቶት እኔን ማን ይቆጣኛል?)
አንዷ በአሥራ አንድ ወሯ ለማደጎ ተሰዳ፣
አንዷ እዚያው ቀርታ በአክስቷ ጓዳ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዷ ላንዷ ባዳ።

ዶክተር ኪርስቲን ደስታ እንቅልፍ ነሳት።
«አንድ ዘር፣» አለች፣ «ሁለት ትምህርት ቤት!
አገርን ካገር ስንመዝን ኖረናል፤ ልጁ ሌላ፣ ምሳው ሌላ፤
ዛሬ ግን ያችው ልጅ ራሷ መጣች፣ በሁለት ምድጃ በስላ።»

ቬንላ፣ እስከ ሰባት ዓመቷ ፊደል ቁጠሪ ያልተባለች፣
በየአርባ አምስት ደቂቃው በረዶ ላይ የተለቀቀች፣
ፈተና የሚሉትን ጉድ ጡቷ አጎጥጉጦ ያየች።
ሀንብዮል፣ በአራት ዓመቷ ማባዛት የጀመረች፣
ከክፍል ወደ ማጠናከሪያ፣ ከማጠናከሪያ ወደ አውቶቡስ፣
ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ግንባሯ መስኮት ላይ፣ አንቀላፍታ የምትደርስ።

ፈተኗቸው። «ሁለት ባቡሮች፣ ከሁለት ከተማ ቢነሡ…»
ሀንብዮል በአርባ ሰከንድ ጨረሰች፤ መልሱ ያው ነው መልሱ።
ቬንላ ቀና ብላ «ተሳፋሪ አላቸው?» ስትል ጠየቀች።
ሠንጠረዡ ላይ ለዚህ ሣጥን የለውም።
ዶክተሯ ሰረዝ ጽፋ አለፈች።

ከዚያ ያልማሪ መጣ፣ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ።
የእሱ እምነት ባጭሩ ዘር ከልጓም ይስባል ነው፤
ልጓሙን ግን ማን እንደ ሰፋው አልጠየቀም።
የስምምነት ወረቀት ላይ ሁለቱም ሊፈርሙ ሲያጎነብሱ
ብዕሩ በመካከለኛውና በቀለበት ጣት መሃል።
በግራም እንደዚያ። በቀኝም እንደዚያ።
ካሜራው ተንደርድሮ ጣታቸው ላይ አረፈ።

ሲኒማ ቤት ተቀምጬ አየሁት። ፒያኖ ገባበት።
አጠገቤ ያሉት አዛውንት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።
«ደም!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ፈንዲሻ በአፉ ሞልቶት።

እኔ ግን የዚያን ዕለት ጉንጫቸውን በጥጥ ስጠርግ ኮሪደር ላይ ነበርኩ።
በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ሰማሁ።
ቬንላ፦ «የእጅ ሥራ መምህራችን፣ እመቤት ሂልካ፣
ሌባ ጣቷን መጋዝ ወስዶት እንዲህ ነበር የምትጽፈው፤
ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ፣ አሥራ አራታችንም ቀዳነው።»

(ተረቱ የእኔ ነው፤ እሷ ያለችው «ወደድናትና» ነው።)

ሀንብዮል፦ «ሦስተኛ ክፍል፣ ከመጻፍ ብዛት ጣቴ አበጠ፣ ፈረጠ፤
ፈተና ደግሞ ነገ ነው። ብዕሩን ወደ ጎረቤቱ ጣት አዛወርኩ።
ቁስሉ ዳነ። እኔ ግን አልተመለስኩም።»

ያልማሪም ሰምቷል። «ይረዝምብናል» ብሎ ቆረጠው።
ዶክተሯ በግርጌ ማስታወሻ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣
ጉንዳን በሚያህል ፊደል አሰፈረችው።

ማታ ማታ ብልቃጧን ወደ አምፖሉ አነሣለሁ።
ሦስት ቢልዮን ፊደል አለ ይላሉ እዚች ጠብታ ውስጥ።
የሂልካ ጣት የለችበትም።
የአውቶቡሱ መስኮት የለበትም፣
የግንባሯ ወዝ ያረፈበት።

ትናንት ማንም ሳያይ በነዚያ ሁለት ጣቶች
መለያ ቁጥር ልጽፍ ሞከርኩ።
ሰባቱ ወልገድ ብሎ አንድ መሰለ።
ዛሬ ጠዋት ባልደረባዬ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ
«አንድ ሰው ጎደለን» እያለ ይፈልጋል።