ሐይቁ ሰማያዊ እስኪሆን

ሥራዬ ክፈፍ ነው፤ ሽምብጥ ነው ቤቴ፣
ሜትርና መጋዝ ነው የየለት ጸሎቴ።
ሌላው የሣለውን በአራት ጣውላ አጥሬ፣
ማዕዘኑን ለክቼ፣ ጥጉን ቸንክሬ፣
ሒሳቤን እቀበላለሁ፤ ይኸው ነው ነገሬ።

ነሐሴ ላይ አንድ ሆቴል፣ አዲስ፣ ባለስድስት ፎቅ፣
«ጣናን ሣሉልን» አለ፣ «እንግዳ እንዲደነቅ።
ሁለት ሜትር በሦስት። ሰማያዊ ይሁን ብቻ።»
ሥዕሉን እንየው ወሰደ፤ ክፈፉ የኔ ድርሻ።

እኔ በሳምንቴ ጨረስሁ። ዋንዛ ነው እንጨቱ፣
በሰም ወለወልሁት፣ ፊት ያሳያል ጥራቱ።
እሱስ?

መስከረም ጠባ። መስቀል አለፈ። ሄድሁ ልጠይቀው፤
ስሙን ከሩቅ ስጣራ፣ ጥሪም ነው፣ ክስም ነው።
«እንየው!» አልሁኝ። «እንየው!»
ዋርካ ሥር ተጋድሞ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ምኑን ነው?»

ሸራው ግንድ ተደግፏል፤ የሰው እጅ አልነካው፤
አንዲት ወፍ ብቻ ናት በኩሷ የጀመረችው።

«ሰማያዊ አሉ» አለኝ፣ እያፋሸከ፣
ጣቱን ወደ ውሃው ቀስ አርጎ እየላከ፦
«አንተ ባለሜትሩ፣ እስቲ ለካው ይህን ነገር፤
ይኼ ሰማያዊ ነው? ይኼ የጎርፍ አፈር፣
የፎገራ ጭቃ፣ የጉማራ ድፍርስ፣
ቅራሪ የመሰለ፣ ሰማይን የማያስታውስ?
ሰማያዊ ካዘዙኝ፣ ሰማያዊ እስኪሆን፣
እተኛለሁ እንጂ፣ እኔ አላማም ጣናን።»

ብቻውን አይደለም።
ልየው ክራሩን ይቃኛል፣ ከጧት እስከ ማታ፤
ቃኝቶ ሲጨርስ ይተኛል፤ ዜማው ለሌላ ለታ።
ይታይሽ ከእምቦጭ ወረቀት ትሠራለች፤
«ሐይቁን የሚበላውን እየበላሁት ነው» ትላለች።
ድንጋይ ላይ ያሰጣችውን ካፊያ ሲመታው እጮሃለሁ፦
«ወረቀትሽ! ኧረ ወረቀትሽ!»
«እምቦጭ እንደሁ አያልቅም፤ ምን ቸገረኝ ቢበላሽ?»

እኔ ግን የቤት ኪራይ፣ የዋንዛ ዕዳ አለብኝ፤
ሥራ አስኪያጁ በቀን ሦስቴ እየደወለ ሲያስጨንቀኝ፣
«ቀለሙ እየደረቀ ነው» እለዋለሁ፣ እየዋሸሁ፤
ያልተቀባ ቀለም እንዴት እንደሚደርቅ እያሰብሁ።

በጥቅምት ክፈፉን ጭኜ፣ ባጃጅ አናት ላይ አስሬ፣
ያፍር እንደሁ ብዬ ሄድሁ፤ ዋርካው ሥር ተውሁት ገትሬ።
በሳምንቱ ብመለስ፣
በአራት ድንጋይ አጋድመው፣ መረብ ወጥረውበታል፤
የቀረሶ ቋንጣ ተሰጥቶበታል።
ሁለት ሜትር በሦስት ሙሉ፣ ጅራቱ ወደ ምሥራቅ፣
በሰም በወለወልሁት ዋንዛ ላይ ቅርፊቱ ሲያብረቀርቅ።

ልጮህ አፌን ስከፍት፣ አንድ ለብለብ አጎረሰኝ፤
በሚጥሚጣ፣ በሎሚ።
ቁጣዬ ከአሳው ጋራ በጉሮሮዬ ወረደልኝ።

ተቀመጥሁ። ምን ላርግ?
ጉማሬ አንዴ ብቅ አለ፣ ተነፈሰ፣ ጠለቀ፤
የዘጌ ጀልባ አለፈ፤ ማዕበሉ የደረሰን እሱ ከራቀ።
ሜትሬ ከኪሴ ወድቆ፣ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ፣
ጉንዳን ሲሄድበት አየሁ፣ ቁጥር በቁጥር፣ በርትቶ፤
ሠላሳ ሰባት ላይ ቆመ። ለምን? እንጃ። ተመለሰ።
ቀና ስል ጀንበር ወደ ዘጌ፤ ቀኑ እንደዋዛ ፈሰሰ።

ኅዳር ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ስልክ። እሱ ነው። «ና እየው።»
በብስክሌት ከነፍሁ፤ ምኑን ብዬም ሳልጠይቀው።
ጣና ጠርቷል፤ ደለሉ ወደ ሆዱ ሰጥሞ፣
ሰማያዊ፣ እስከ ክብራን፣ ነፋሱም ጭምር ቆሞ።
«ሣልኸው?» አልሁት። ሸራው እንዳለ ነው፤ ወፏ ብቻ ደግማለች።
«አሁን ይሣላል እንዴ? ተው፣ እሷም ዝም ብላለች።»

ሥራ አስኪያጁ? የታተመ ፖስተር ገዝቶ ሰቅሏል፤
ሰማያዊ ነው፤ የሌላ አገር ሐይቅ ይመስላል።
የዋንዛውን ዕዳ፣ ከፊሉን፣ በቋንጣ ከፈልሁ፤
ከፊሉ ዛሬም አለብኝ። ዛሬም መጋዝ እስላለሁ፣
ዛሬም ማዕዘን እለካለሁ፤
ሠላሳ ሰባት ላይ ስደርስ ግን፣
እንጃ፣ ትንሽ እቆማለሁ።