መስመር ሰባት

ወሰንየለሽ እጅጌ ትገጥማለች፣
ባንቺአየሁ ኮሌታ ትገለብጣለች፣
እኔ ከጫፍ ቆሜ፣ መቀሴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ
ትርፍ ክር እለቅማለሁ፣ “ይለፍ”፣ “ይመለስ” ብዬ።

ቦሌ ለሚ ነው፤ አስፋልቱ አልቆ ጭቃው በሚቀበልበት፣
የጤፍ ማሳና የቆርቆሮ ጣሪያ ድንበር በሚጋፉበት።

አምና ግድግዳው ላይ አንድ ቁጥር ነበረ፣
በቀይ ቀለም ተጽፎ ዓመቱን ያሰረ፤
ኮታ ይሉታል። ባሕር ማዶ ያለ አገር
“ከእናንተ የምቀበለው ሸሚዝ ከዚህ አይዘልም” ያለው ነገር።
ጥቅምት ሳይጋመስ ሞላ። ማሽኑ ዝም አለ።
ኅዳርን ሙሉ ወለል ጠረግን፣ ደመወዝ ጎደለ።
“ሰው በሸሚዝ ቁጥር ይታጠራል እንዴ?” አለች ባንቺአየሁ፤
እኔም አብሬ ረገምሁ።

ዘንድሮ ቁጥሩ ተፋቀ።
አቶ ደስይበለው ካርቶን ላይ ወጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሳቀ፦
“አጥሩ ፈርሷል! የቀረው ኬላ ብቻ ነው፤
ታሪፍ ነው፤ መቶኛውን ከፍሎ ማለፍ ነው፤
እንግዲህ የቻላችሁትን ያህል ስፉ!”
አጨበጨብን፣ የክር ቁርጥራጮች ከጭናችን እስኪረግፉ።

ነገሩ የገባኝ ጎሮ ነው፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በሐምሌ።
ሰልፍ እግር ያደርቃል፤ ግን ወንበር ያስይዛል፤
አሥረኛ ከሆንሽ አሥረኛው ቦታ ያንቺ ነው፣
ጉልበተኛ ቢገፋሽ ተራ አስከባሪው ይቆጣል።
ዝናቡ ሲበረታ ወያላው “ኮንትራት!” ይላል፤
ያለው ይሳፈራል፣
የሌለው ጫማውን አውልቆ ይራመዳል።
ኮታው፣ ለካ፣ ሰልፍ ኖሯል።

ፋብሪካው ከተማ የሚያህል አገር አለ ይላሉ፤
ድሮ እንደኛ ቁጥር አንገቱን ይዞት ነበር አሉ፤
ዛሬ የኬላውን ከኪሱ ዝርዝር ከፍሎ
ያልፋል፣ መርከብ በመርከብ ላይ ደልድሎ።
የእኛ ገዢ ደግሞ ጻፈ፦ “ቀረጡን ተካፈሉኝ።”
ቀረጥ ውኃ ነው፤ ቁልቁለት ያውቃል፤
ከሱቁ ወደ ገዢው፣ ከገዢው ወደ ባለፋብሪካው ይወርዳል፣
መስመር ሰባት ሲደርስ የጠዋት ዳቦ ግማሽ ይሆናል።

ከእኛ ያነሰች አገርም አለች፤ የሸሚዝ ቁልፍ ትልክልን ነበር።
አንድ ቀን ከካርቶኑ ውስጥ ረጅም ጥቁር ጸጉር
አገኘሁ። እንደ ክር ለቀምሁት። አልጣልሁትም፤
መታወቂያዬ ላስቲክ ውስጥ አለ። ካርቶኑ አሁን አይመጣም።

ወሰንየለሽ ዓርብ ተሰናበተች።
አባቷ የድንበር ክስ የረቱ ዕለት ነው አሉ የተወለደች።
በሩ ላይ ጠባቂዋ ቦርሳዋን ዘረገፈች፦
ማበጠሪያ፣ ግማሽ ዳቦ። “እለፊ” አለች።

ግድግዳው በደንብ አልተፋቀም፤ ጠዋት ፀሐይ ስትገባ
ቀዩ ቁጥር እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል።
የመጨረሻው እጅጌዋ እጄ ላይ ነው፤
ብብቱ ላይ ስፌቱ ጠምሟል፤
“ይመለስ” ማለት ነበረብኝ።
ክሩን ቆረጥሁ።
“ይለፍ” አልሁ።