ያልወደቀው ብረት

ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ሳንቲም እንደጣለ፤
"ጠርሙስ አለ" ይላል፣ "እሾህ እዚህ አለ"፤
ስባሪውን ለቅሞ፣ ቆርኪና ሚስማሩን፣
ባርኔጣው ሞላና ዘነጋ ፀሐዩን።

ስምንት ትምህርት ቤቶች፣ ስምንት ዓይነት ማሊያ፣
ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ጩኸቱ በዙሪያ፤
"ይጀመር! ይጀመር!" ተማሪው ሲያጓራ፣
መምህር ጉተማ ከጎል ብረት ጋራ።

ገፋ ሲያደርገው ተነቃነቀለት፣
ልክ እንደ ወተት ጥርስ።
"አሸዋ!" አለ። "ጆንያ!" እኛ ሳቅንበት።
በረኛው እኔ ነኝ፦
"በሬ ነው፣ መምህር፣ እንዲህ የሚያስሩት?
ሌባ ጎል ተሸክሞ ሲሮጥ መቼ አዩት?"

መልስ አልነበረውም። ስድስት ጆንያ ሞላ፤
ውኃ አስቀመጠ በግራሩ ጥላ፤
ትንንሾቹን ከመስመሩ አራቀ፤
የላላ ማሰሪያዬን ጎንበስ ብሎ አጠበቀ፤
የበዳሶን ባጃጅ በር ላይ አቁሞ፣
"ዛሬ ሰው አትጭን" አለው ደጋግሞ፣
ሒሳቡን ከኪሱ።

በሁለተኛው አጋማሽ ያ አዙሪት መጣ፤
የአዳማ አዋራ ከእግራችን ሥር ወጣ፤
ድንኳን ነቀለና ወንበር ይዞ ሄደ፤
የክብር እንግዳው ኮፍያ አሳደደ።
እኔ ከመረቡ ሥር፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ብረት ሲያፏጭ ሰማሁ ራሴን ሸፍኜ።

አልወደቀም።

ሦስት ለአንድ ተረታን፤ ንግግር ተደረገ፤
የጉተማን ስም ግን ማንም አልፈለገ፤
ምን ተብሎ ይጠራ ምንም ባልሆነበት?

ማታ ኳስ ልመልስ ስሄድ አገኘሁት፦
አሸዋውን ደፍቶ ጆንያ ያጥፋል።
ሳልናገር ሄጄ
አንዱን ጫፍ ያዝሁለት።