ግራው ነፃ ነው

ኬላው ጋ ስደርስ አሰገደች ወጣች፣
ካፖርቷን ደርባ፤ ብስክሌቴን አየች።
«ሞተር አለው?» አለች፣ ጎማውን ዳስሳ።
«የለውም» አልኳት። «እንግዲያ ግባ ወደ ጓሳ።
ሞተር ለሌለው ነው የዚህ መንገድ ፈቃድ፤
ለእግር፣ ለበቅሎ፣ ለጉም፣ ለብርድ።»

ሃያ ሁለት ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ፤
ክላክስ ካላደረግኩ የሌለሁ ይመስለኝ ነበር፣ አውቃለሁ።
ዘንድሮ ሐኪሙ «ስኳርህ ወጥቷል» ሲለኝ
ይህን ገዛሁ፣ ከደብረ ብርሃን፣ አሮጌ፤ እሱም ጎበጠ እኔም ጎበጥኩኝ።
መሃል ሜዳን ሳልፍ ገበያው ሳቀብኝ፤
«የጭነት ሾፌር አልነበር? ምን ለከፈው?» አለኝ።
ይበል። ጎማዬ ሁለት፣ ሞተሬ ጉልበቴ፣
ነዳጄ የገብስ ቆሎ፣ በኪሴ፣ ከቤቴ።

ጠጠሩ ይንኮሻኮሻል፤ ሌላ ድምፅ የለም።
እንዲህ ያለ ዝምታ ጆሮዬ አያውቅም።
ጥርሴን ያንቀጫቅጫል፣ መሪውን ያርገበግባል፣
ትንሿን ጣቴን አደንዝዞ እስከ ክንዴ ይነዝረኛል፤
መቀመጫዬንስ ተዉት፣ ለሐኪም ነው የሚነገር፤
ኮርቻው ከድንጋዩ ጋር የያዘው አለ ምክር።
ዳገቱ ላይ ወረድኩ። አላፍርም፤ ገፋሁት፤
እንደታመመ በሬ እያባበልኩ ወሰድኩት።

ጅብራው ቆሞ ያያል አንገቱን አስግጎ፤
ጓሳው ውርጭ እንደለበሰ፣ ፀሐይ ፈልጎ።
ጭላዶች መንገዱን ይዘው ሣር ይነጫሉ፤
ሦስት መቶ ይሆናሉ፤ መቼ ቸኩለው ያውቃሉ?
አውራው ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝ፤
እጄ ሳላዘው ክላክስ ፍለጋ ሄደብኝ።
መሪው መሃል ባዶ ነው። ምንም አልነበረም።
አልፈው እስኪጨርሱ ቆምኩ። ማንም አልሰደበኝም።

እንግዳወርቅ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር።
ረዳቴ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በበር
ተንጠልጥሎ የኖረ፤ በአቧራ፣ በዝናብ፣ በሐሩር።
እንግዳ እለዋለሁ፤ ወርቁን ለእናቱ ትቼ።
«ግራው ነፃ ነው!» ሲለኝ እነዳለሁ አይኔን ጨፍኜ፣ አምኜ።

ጣርማበር ላይ ነው። ጉም። የሌሊት ስምንት ሰዓት።
ወደ ኋላ ስነዳ ወርዶ ሊመራኝ፣ በባትሪ መብራት።
«ና… ና… ግራው ነፃ ነው…» ከዚያ ሌላ ቃል ወጣው፤
ቁም ይሁን፣ ስሜ ይሁን፣ ክላክስ ዋጠው።
ፖሊሱ ጠየቀኝ፣ የማን ክላክስ እንደሆነ።
«የሚመጣ መኪና» አልኩ። ፋይሉ በዚያው ተከደነ።

የሚመጣ መኪና አልነበረም።

ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ካቴናው ወለቀ፤
ስመልሰው ጣቴ በግራሶ ጠለቀ።
ቀና ስል፣ ቀይ ቀበሮ፤ እንደኔው ብቻዋን፣
ከፍልፈል ጉድጓድ በላይ አዘንብላ ጆሮዋን።
አላየችኝም አልልም። አየችኝ፤ ተወችኝ፤
ከኔ ይልቅ ከአፈሩ ሥር ያለው ኮቴ በለጠኝ።
ክንድ ሙሉ አፈር ዘልቆ የሚሰማ ጆሮ አለ፤
የኔ ግን በአሥር ክንድ ላይ ሰው ሲጮህ ዝም አለ።

ፍሬኑን ለቀቅኩት። ነፋሱ እንባዬን አመጣ፤
ነፋሱ ነው እላለሁ፤ ማን አለና ሊቆጣ።
በግራዬ ገደል፤ ከገደሉ በታች ይፋት፣ በጉም ተሸፍኖ፤
አፌ ራሱ ከፈተ፣ ልማድ አስገድዶት ይሆን፣ ምን ሆኖ፣
«ግራው ነፃ ነው!» አልኩ።
ከዚያ ደግሞ ስሙን።
አንዴ አይደለም፤ እስኪደክመኝ።

ኬላው ጋ ስመለስ አሰገደች ቆማ፣
«ማንን ነበር የጠራኸው? እዚህ ድረስ ተሰማ።»
ይሰማል እንጂ፤ ምን ሊውጠው? መኪና የለማ።

«እንግዳን» አልኳት። አሻግራ መንገዱን አየች፤
ኬላውን ሳትዘጋው ጥቂት ቆየች።